የወንዝ ማዶው ፈርነስ መንገድ

የኤሚል ሬዲዮ ዝም ያለው በመጋቢት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መደርደሪያው ላይ ከዳቦ ማስቀመጫው አጠገብ ተቀምጦ የፖሊሱን፣ የእሳት አደጋውንና የአምቡላንሱን ጥሪ ሲያሰማን የኖረ ስካነር ነበር። ባለቤቴ ኤሚል የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጓዱ የውሃ ቦቴ ሹፌር ስለነበር፣ በቤታችን ሾርባ የሚጠጣው ጆሮ ለመደርደሪያው ተሰጥቶ ነው። አውራጃው ጥሪውን በሙሉ ወደ አዲስ ዲጂታል ሬዲዮ ሲያዛውር አሮጌው መሣሪያ የሚይዘው ነገር አጣ። ቀያይ መብራቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፤ የሚያቆማቸው ድምፅ ግን የለም።

ልጄ ኮንራድ ከከተማ ደወለ።

"ተገላገልሽ፣ እማ" አለኝ። "አሁን እንደ ሰው ቴሌቪዥን ታያለሽ።"

"ሌላ ልገዛ ነው።"

"ለምን ብለሽ? የሰው መከራ መስማት ምን ያደርግልሻል?"

ለምን እንደሆነ ያውቃል። የሚያውቀውን ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ መልስ አልሰጥም።

በሶረል ወንዝ ግራና ቀኝ ድሮ ሁለት የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ነበሩ። ወደ እያንዳንዱ የሚወስደው መንገድ በምድጃው ስም ፈርነስ መንገድ ተባለ። አንዱ የእኛ ነው። ሌላው ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ አውራጃ፣ ታርቪል በምትባል መንደር ውስጥ ነው። ደብዳቤያችን የሚመጣው ከታርቪል ፖስታ ቤት ስለሆነ አድራሻችን ላይ ታርቪል ተብሎ ይጻፋል፤ ቤታችን ግን አንድም ቀን ታርቪል ሆኖ አያውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት ኤሚል የማገዶ ቤቱ በር ላይ በወደቀበት ጠዋት፣ የሁለቱን ወንዝ ዳር ሰዎች የሚያገለግለው አምቡላንስ በእኛው የቤት ቁጥር ማዶ ወዳለው 312 ሄደ። እዚያ ቁጥር ላይ ያለው የፈረሰ የዶሮ ቤት ነው። ወደ እኔ እስኪመጡ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለአውራጃው ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ለሰባተኛው አንድ ገጽ መጣልኝ። "በአዲሱ ሥርዓት እንዲህ ያለ ስሕተት ሊደገም አይችልም" ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር "አይችልም" የሚለውን ቃል ለተማሪዎቼ እንዲሁ በቀላሉ ፈቅጄ አላውቅም። ተለክቶ ነው ወይስ ተገምቶ? እጠይቃለሁ። አሁንም ልለካ ተነሣሁ።

ሱቁ የዌንዴል ነው። ዌንዴል ተማሪዬ ነበር፤ ጸጉሩ ከእኔ ቀድሞ ሸብቷል።

"ቲቸር! ለልጅ ልጅ ስጦታ ነው?"

"ለራሴ ነው። ዲጂታሉን የሚይዝ ስካነር አሳየኝ።"

ከመስታወቱ ሥር ቁልፍ የበዛበት ጥቁር መሣሪያ አወጣ። "ይኼ ጌታቸው ነው። ግን ለእርስዎ አይሆንም። የሞገድ ቁጥሩን፣ የጣቢያውን መለያ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ኮድ በኮምፒውተር አንድ በአንድ መሙላት አለ። እኔ ራሴ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።"

"አንተማ በሞገድ ፈተና አርባ አንድ ነው ያመጣኸው።"

"ሠላሳ ስምንት ነው ያመጣሁት ቲቸር። ሦስቱን አዝነው ነው የጨመሩልኝ።"

ሌላ አወጣ። የራስጌ ሰዓት ያህላል፤ ፊቱ በሙሉ በጣት የሚነካ ሰሌዳ ነው። "ለዚህ የፖስታ ቁጥርዎን፣ የአካባቢዎን መለያ፣ ብቻ ይንገሩት። በዙሪያዎ ያለውን ሁሉ ከሆዱ ፈልጎ ያመጣል።"

"በሚስጥር ኮድ የተቆለፈ ጥሪስ?"

"የተቆለፈውን የትኛውም መሣሪያ አይከፍተውም። የእኛ አውራጃ ደግሞ ገና አልቆለፈም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርዎትና፣ ስልክ ላይ እኮ በነጻ ይሰማል።"

"ስልኩ ዘግይቶ ነው የሚያሰማኝ። እኔ የምፈልገው ሰዓት መያዝ ነው።"

የምን ሰዓት ብሎ አልጠየቀኝም። ኤሚል በሞተ ጊዜ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። አንቴናውን ጨምሮ ጠቀለለልኝ።

አዲሱን በአሮጌው ቦታ አስቀመጥኩት። ከመደርደሪያው ሥር ኤሚል በእርሳስ የሞገድ ቁጥሮቹን ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አለ። ከእንግዲህ ለምንም የማይሆኑ ቁጥሮች ናቸው። አላነሣሁትም።

የፖስታ ቁጥሬን ነካካሁ። ሰሌዳው ትንሽ አሰበና መናገር ጀመረ። አሥር ደቂቃ አዳመጥኩ። የማላውቃቸው መንገዶች፣ የማላውቃቸው ፖሊሶች፣ የማላውቀው የትምህርት ቤት አውቶቡስ። ከዚያ ገባኝ። ብልሁ መሣሪያ ፖስታ ቤቱን ተከትሎ ወንዙን ተሻግሯል። አምቡላንሱ የሄደበትን መንገድ ሄዷል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ መመሪያውን አነበብኩ። የአውራጃችንን ዋና ከተማ የፖስታ ቁጥር ሁለተኛ አድርጌ አስገባሁ፤ ርቀቱንም በአሥር ማይል ወሰንኩት። የመጀመሪያውን ግን አላጠፋሁትም። ወንዙን ከግራም ከቀኝም እሰማዋለሁ አልኩ።

ጎረቤቴ አርዲት የዋልነት ጥቅልል ኬክ ይዛ መጣች። ሰሌዳውን በመነጽሯ ላይ በመነጽሯም ሥር አየችው።

"ፖሊሱ አለ፣ እሳቱ አለ፣ በረዶ ጠራጊው ሳይቀር አለ። አምቡላንሱስ?"

"እንዲዘለል አድርጌዋለሁ።"

መሣሪያው ላይ አንዲት ማዝለያ ቁልፍ አለች። አንድ ቻናል እያወራ ሳለ ከተጫኗት ዳግመኛ እዚያ ላይ አይቆምም። የተሠራችው ለቆሻሻ መኪናዎች ወሬ ነው።

"አንቺ ሬጂና!" አለች አርዲት። "የገዛሽው አምቡላንሱን ልትይዢ፣ አፉን የዘጋሽው የአምቡላንሱን! ሌባ ልትጠብቂ ቆመሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?"

"ኬክሽን ቁረጪ።"

"እቆርጣለሁ። እውነቱን ግን ነግሬሻለሁ።"

እውነቷን ነበር። ኤሚል የወደቀ ዕለት ጥሪውን ያስተላለፈችው ሴት አሁንም እዚያው ትሠራለች። ስሟን አላውቅም፤ ድምፅዋን አውቀዋለሁ። መሣሪያውን የከፈትኩ ቀን በአምቡላንሱ ቻናል የመጣችው እሷ ነበረች። ሦስት ቃል ሰማሁ፤ ቁልፏን ተጫንኩ።

ሐሙስ ዕለት ኮንራድ እንደገና ደወለ። የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ወረቀት በፖስታ ልኮልኝ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ያሉት አሮጊቶች በሙሉ ይስቃሉ።

"ወረቀቱን አየሽው?"

"አየሁት። ጥርሳቸው ያምራል።"

"እማ፣ አትቀልጂ። ብቻሽን ሆነሽ ብትወድቂ ማን ይደርስልሻል?"

"እሱን እኮ ነው እያጣራሁ ያለሁት።"

"ይኼ ማጣራት አይደለም፣ ለቅሶ ነው! ቤቱ ይሸጥ፣ የሬዲዮ ሣጥኑም ይዘጋ። በቃ።"

ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሶ ሲጮህ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ተንቀሳቃሹንም አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት። የሰባ አራት ዓመት ሴት ስልክ የመዝጋት መብት አላት።

በማግሥቱ አርብ ነበር። ለእሳት አደጋ ጓዱ የማታ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ድንች እየላጥኩ ሳለ የማዶው ጥሪ አስተላላፊ ተናገረ።

"ፖሊስ አሥራ ሁለት፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት፣ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሣም። ግራ ተጋብታ ሊሆን ይችላል ብሏል ልጇ። ደህና መሆኗን አይተህ አሳውቀኝ።"

ምስኪን፣ አልኩ በልቤ።

"አድራሻው 312 ፈርነስ መንገድ፣ ታርቪል።"

ድንቹ ከእጄ ወደ ውሃው ወደቀ። ሰዓቱን አየሁ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ አራት። ስልኩን ሰክቼ "አለሁ" ማለት እችል ነበር። ወገቤ እስኪቃና ያህል ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ፣ እርሳስ ቀረጽኩ፣ የጥሪዎቹን ሰዓት የምይዝበትን ደብተሬን ገለጥኩ።

አራት ከሃያ ሦስት ላይ ፖሊሱ ተናገረ። "312 ደርሻለሁ። የፈረሰ የዶሮ ቤት ነው።"

"ዙሪያውን እየው።"

"አየሁት። ሁለት ፍየሎች አሉ።"

"አሮጊቷስ?"

"ፍየሎቹ ደህና ናቸው። አሮጊት የለችም።"

"በሩን አንኳኳ።"

"የቱን በር?"

አንድ ሰው በሬዲዮው ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ቀጥሎ የሆነው ነው የከለከለኝ። አራት ከሠላሳ አንድ ላይ ጥሪ አስተላላፊው በተሰላቸ ድምፅ፣ "እሺ፣ በአድራሻው ሰው አልተገኘም። ጥሪው ተዘግቷል" አለ።

ተዘግቷል። በረንዳዬ ላይ ወድቄ ቢሆን ኖሮ አሁን ተዘግቻለሁ።

የስልኩን ገመድ ሰካሁና የራሳችንን አውራጃ ጥሪ ማዕከል ደወልኩ።

"የአስቸኳይ ጥሪ፣ ምን ልርዳዎት?"

እሷ ናት። ድምፄን እንደ ክፍል ውስጥ አድርጌ አወጣሁት።

"ማዶ አሁን የተዘጋችው አሮጊት እኔ ነኝ። አልሞትኩም፣ ግራም አልገባኝም። ግራ የገባው ካርታችሁ ነው።"

ከኋላዋ የሌሎች ስልኮች ጩኸት ይሰማል።

"ሚስስ ሃቭራን?"

"ነኝ።"

"ፈርነስ መንገድ።"

"ከወንዙ ወዲህ ያለው።"

"ያን ቀንም..." አለችና አቋረጠች። "ያን ቀን የነበርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ካርታው ታርቪል የሚለውን ሲያይ ማዶ ይወስደዋል። የልጅዎም ጥሪ በቀጥታ ወደዚያ ነው የገባው። ተስተካክሏል ብለውን ነበር።"

"ለእኔም እንደዚያው ጽፈውልኛል።"

"መኪና ልኬያለሁ" አለች። ጥቂት ቆይታ፣ "ሰዓቱን እየጻፍኩ ነው፣ ሚስስ ሃቭራን። በራሴ እጅ" አለች።

"ጻፊው። እኔም እየጻፍኩ ነው።"

አራት ከሃምሳ ሁለት ላይ በሬ ተንኳኳ። ፖሊሷ ብሪግስ ትባላለች፤ ከልጄ ታንሳለች። የሚሞላ ቅጽ ይዛለች። ወንበር ሰጠኋት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጠየቅ ያለብኝ ነገር አለ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"አርብ። ጥሪው የተላለፈው አራት ከአሥራ አራት፣ ማዶ የደረሱት አራት ከሃያ ሦስት፣ የተዘጋው አራት ከሠላሳ አንድ፣ አንቺ ያንኳኳሽው አራት ከሃምሳ ሁለት። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?"

እስክሪብቶዋን አቆመች። ስካነሩን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ ድንቹን አየች።

"'የነዋሪዋ ሁኔታ' የሚል ቦታ አለ። ምን ብዬ ልሙላው?"

"'እኛን ስትጠብቅ አገኘናት' በይ።"

ሳቋን ዋጠችና ጻፈችው። እኔም ደብተሬን ወደ እሷ ገፋሁ። "አሁን ደግሞ አንቺ እዚህ ላይ ፈርሚልኝ።"

"ይኼ የእኛ ወረቀት አይደለም እኮ፣ ሚስስ ሃቭራን።"

"አይደለም። የእናንተን ወረቀት ሁለት ዓመት አንብቤዋለሁ።"

ፈረመች። የመለያ ቁጥሯንም ሳልጠይቃት ጨመረችበት።

ስትወጣ ስልኩ ጮኸ። ኮንራድ ነው፤ ያለከልካል።

"እማ! ሰው የለም አሉኝ እኮ! መኪና ውስጥ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው—"

"ደህና ነኝ። ቀስ ብለህ ንዳ። አድራሻዬን ምን ብለህ ነው የሰጠሃቸው?"

"312 ፈርነስ መንገድ፣ ታርቪል። ምን ልበል ታዲያ?"

"ትክክል ብለሃል። አባትህም እንደዚያው ነበር የሚጽፈው።"

የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። መንገድ ዳር ሳይቆም አልቀረም።

"ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው?" አለ።

ስለ ደቂቃው በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄው ነው።

"ሠላሳ ስምንት።"

"ያኔ ሃያ ስድስት አልነበረም እንዴ?"

"በአዲሱ ሥርዓት ነው ሠላሳ ስምንት የሆነው።"

"የአውራጃው ምክር ቤት የሚሰበሰበው መቼ ነው?" አለ።

"ማክሰኞ። አጠገቤ ወንበር እይዝልሃለሁ። የቤት መሸጫ ወረቀትህን ግን እንዳታመጣ፤ የመንገዱ ስም እስኪለወጥ እዚሁ ነኝ። ከተለወጠም በኋላ እዚሁ ነኝ።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ደብተሩን ገልጬ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የጻፍኩትን አየሁት። ፖሊሱ አለ፣ እሳቱ አለ። የአምቡላንሱ ዓምድ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ተማሪ ይዞልኝ ቢመጣ እመልሰው ነበር።

የተዘለሉትን ዝርዝር ከፈትኩና ጣቴን አምቡላንሱ ላይ አሳረፍኩ። ጥቂት የሞገድ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ሜፕል ጎዳና ላይ ደረጃ ያዳለጠው ሰው፣ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት። አድራሻውን ተናገረች፤ ቀጥላ የወንዙን ወገን ለይታ ደገመችው። "ከወንዙ ወዲህ" አለች፣ "ወዲህ።"

ድንቹን ከውሃው አወጣሁት። ሰዓቱን ጻፍኩ።