እስከ መጨረሻው ዋስ

ዊዳድ በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከልጅነቷ የምታውቀውን መጽሐፍ አዲስ ቅጂ እየለበደች ነበር። የላስቲኩን ጠርዝ አጠፈች፣ በማስመሪያ ጫነችው፣ ከዚያ እንደ ልማዷ የጎደለ ገጽ እንዳለ ለማየት ከፊት ወደ ኋላ ገላለጠች። መጨረሻው ነው ብላ የምታውቀው ቦታ ስትደርስ መጽሐፉ አላለቀም።

ሌላ ምዕራፍ ነበረው።

ቆማ አነበበችው። ሰፍነግ ጠላቂው ወንድም ወደ ባሕሩ ከወረደ በኋላ እህቱ ጣሪያ ላይ መብራት ይዛ ትጠብቀዋለች። እስከዚህ ድረስ ዊዳድ በቃሏ ታውቀዋለች። ቀጥሎ ወንድምየው መመለስ ነበረበት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደተመለሰ ነው የምታውቀው። እዚህ ግን ባሕሩ የመለሰው ቀበቶውን ብቻ ነበር።

አሮጌውን ቅጂ ከሣጥን አወጣች። ከጥራዙ መጨረሻ ወረቀቶች ተቀደው ጠርዛቸው ብቻ ቀርቷል። መመለሱን አንብባው አልነበረም፤ ልጅ ሆና ራሷ የጨመረችው ነው። ስንት ጊዜ ተርካው፣ የጨመረችው መሆኑን ረስታው ነበር።

በወደብ ከተማዋ በማህዲያ የልጆች ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚመርጥልህ ሰው ዋስ ይሆናል። ስሙ በተጻፈበት የልብስ መቆንጠጫ መጽሐፉን ቆንጥጦ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል፤ መጽሐፉ ሲወሰድ መቆንጠጫው እዚያው ይቀራል። ላልጨረሰው መጽሐፍ ማንም ዋስ አይሆንም። ዋስህ ካሳፈረህ ደግሞ ቅጣቱ አንድ ነው፦ አንተ ያዘዝከውን ያነባል።

ትናንት ዊዳድ በዚሁ መጽሐፍ ሌላ አዲስ ቅጂ ለዶራ ዋስ ሆናለች። ዶራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ቢሌል መስከረም ላይ በጀልባ ወደ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ ዶራም ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ነክታ አታውቅም። «ይሄኛው ያጽናናሻል፤ እስከ መጨረሻው ዋስ ነኝ» ብላ ነው የሰጠቻት።

ልባዱን በጅምር ትታ ወጣች።

ወደ ወደቡ በሚወርደው መንገድ መሮጥ አሳፈራት፤ ፈጥና ተራመደች። አንድ ሌሊት አልፏል። የድሮዋ ዶራ ብትሆን እስካሁን ጨርሳው ነበር።

የዶራ እናት ናጄት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሰርዲን እያጸዳች ነበር።

«አንቺን ያመጣ ጌታ! ነይ ግቢ። እጄን ግን አትጨብጪኝ፣ ዓሣ ሆኛለሁ።»

«አልቀመጥም ናጄት። ዶራ የት አለች?»

«ጣሪያ ላይ። ያ መጽሐፍሽ ከትናንት ጀምሮ ከእጇ አልወጣም። ጠዋት ሳቀች፣ ታምኚኛለሽ? ሳቋን ረስቼው ማን መጣብን ብዬ ዞርኩ።»

ከናጄት ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ የቢሌል ሰማያዊ ጃኬት ተሰቅሏል።

«መጽሐፉን ልወስደው ነበር። ገጽ ይጎድለዋል።»

«ዶራ! እትዬ ዊዳድ መጥታለች፣ መጽሐፉን ይዘሽ ውረጂ!»

ዶራ ጣቷን በገጾቹ መሃል ከትታ ወረደች። ከጣቷ ወዲያ የቀረው ስስ ነበር።

«ምንም አይጎድለውም፣ አይቼዋለሁ። መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ ብቻ። ምሳ በልቼ እጨርሰዋለሁ።»

«ስጪኝ የኔ ልጅ። ሌላ አመጣልሻለሁ።»

«አልሰጥም።»

«አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ!» አለች እናቷ።

«ራሷ አይደለች እስከ መጨረሻው ዋስ ነኝ ያለችኝ?»

የዊዳድ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። መንጠቅ ትችል ነበር።

«መጨረሻውን አላነበብኩትም ነበር» አለች። «የኔ ቅጂ ተቀዷል። ያንን ሁሉ ዓመት የማወራው መጨረሻ የራሴ ነው። እውነተኛውን ያየሁት አሁን ነው።»

ዶራ ጣቷን አላወጣችም። «አይመለስም ማለት ነው።»

ናጄት ቢላዋውን ሳህኑ ላይ ጣለችው።

«ይሄን ነው ለልጄ የመረጥሽላት? ያ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮ? ስጫት ዶራ። አንቺም ሂጂልኝ!»

«ቆይ እማ። ቅጣት አለባት።» ዶራ ወደ ዊዳድ ዞረች። «ያሳፈረ ዋስ ምን ያደርጋል?»

«ያዘዝሽኝን አነባለሁ።»

«ይሄን። እዚሁ፣ ጮክ ብለሽ። ብቻዬን አላነበውም።»

ዊዳድ ናጄትን አየቻት። ናጄት የጣለችውን ቢላዋ አላነሳችም። ዊዳድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ቀበቶው ጋ ስትደርስ ጣቷ ወደ ገጹ ጠርዝ ሄደ።

«እንዳትዘይ» አለች ዶራ።

አልዘለለችም። ሲያልቅ መጽሐፉን ዘጋችው። ከወደቡ የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«እህቱ ቀበቶውን ምን አደረገችው?» አለች ዶራ።

«አይናገርም። እዚህ ላይ ያበቃል።»

«እንዴት አይናገርም!»

«ትሰቅለዋለች» አለች ናጄት፣ ሳህኑን እያየች። «ሌላ ምን ታደርገዋለች?»

ወደ ምስማሩ የዞረችው ዶራ ነበረች። ከዚያ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለችና አንድ ሰርዲን አንስታ ማጽዳት ጀመረች። ናጄት ሳህኑን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችላት።

ዊዳድ ልትሄድ ስትነሳ ዶራ ቀና ሳትል ተናገረች።

«መቆንጠጫሽን አንሺው።»

«አነሳዋለሁ።»

«መጽሐፉን ግን እንዳትደብቂው፣ እትዬ። ምናልባት ዋሱ እኔ እሆናለሁ። ላስብበት።»

ዊዳድ ስትመለስ ስሟ ያለበት መቆንጠጫ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አንስታ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በጅምር የተወችው መጽሐፍ ፊት ተቀመጠች። የቀረውን የላስቲክ ጠርዝ አጠፈች፣ አጣበቀችው፣ በማስመሪያው ጫነችው። መጽሐፉን ያለ መቆንጠጫ መስኮቱ ሥር አቆመችው።