ፋሻው ጠብቋል

«እጅሽን አውጪ እንጂ ሰርኬ፣ ላስታጥብሽ» አለች ሉጥፊያ፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ፊቷ ቆማ።

«ቆይ፣ በኋላ።»

«ከጠዋት ጀምሮ በኋላ ነው የምትይው። በባዶ ሆድ ለቅሶ ይቻላል?»

ሰርክአዲስ እጇን ከነጠላዋ ስር አላወጣችም። ወንድሟ ሚልዮን ከተቀበረ ወዲህ እጇን ለሰው ማሳየት ፈርታለች። የሚያጽናናትን ሁሉ በአንገቷ ጎንበስ ብላ ነው የምትቀበለው። ዳቦ ሲያቀብሏት አጠገቧ እንዲያስቀምጡላት ታደርጋለች፤ ዳቦውም እዚያው ይደርቃል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የወንድሟን ፋሻ የፈቱት እነዚህ ጣቶች ናቸው። ፋሻው ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ ሚልዮን ዐይኑን ከደነ። ሐኪሙ «ደሙ የፈሰሰው በውስጥ ነው፣ ፋሻው ምንም አላደረገም» ብሏት ነበር። ምን ይበል ታዲያ? ለሐዘንተኛ «አንቺ ነሽ የገደልሽው» ይባላል? እሷ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ቆርጣለች።

ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ያለው የቤታቸው ግቢ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ ግማሹ መንገድ ላይ ነው የተተከለው። የሱዳን ጎረቤቶች ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይገቡና መዳፋቸውን ዘርግተው ፋትሓቸውን ይቀራሉ፤ «አል-በረካ ፊኩም» ብለው በአረብኛ እያጽናኑ ከወንዶቹ ጋር ይጨባበጣሉ፤ ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ከውስጥ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ሉጥፊያ ከምትሠራበት ቤት ፈቃድ ወስዳ መጥታ፣ ዝንጅብል የገባበትን ቡና በቴርሞስ ታዞራለች። የወሎ ልጅ ናት፤ «ለቅሶ ላይ እስላም ክርስቲያን የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ጸሐይወርቅም አለች። ለቅሶ ቤት ቀድማ ገብታ መጨረሻ የምትወጣ፣ ሹክሹክታዋ ከሌላው ሰው ጩኸት ይበልጥ የሚሰማ ሴት ናት።

«እሷው ናት አሉ የፈታችው» አለች አጠገቧ ላለችው ሴት። «ሐኪም ያሰረውን ፋሻ!»

«ኧረ ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ምን አልኩ? ጠበቀብኝ ብሎ ሲለምናት አንጀቷ አልችል አላት ነው ያልኩት። ቢሆንም ሐኪም መጥራት ነበረባት።»

ቢሆንም። ሰርክአዲስም ለራሷ ይህንኑ ስትል ነው ውላ ያደረችው። ቢሆንም ሐኪም መጥራት ነበረባት።

ሚልዮን በሶባ መንገድ ላይ ከሞተር ሳይክሉ ተወርውሮ ነው የወደቀው። ስትደርስ ደረቱም ጭኑም ተጠቅልሎ አገኘችው። አብሮት የሚሠራው ኢሳ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል። ሚልዮን ከንፈሩ ደርቆ፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎት፣ «እትዬ፣ ፋሻው ጠብቋል» አላት። «ኢሳ... ኢሳ ይክፈተው።»

«ኢሳ ወጣ ብሏል፣ እኔ አለሁልህ የኔ ጌታ» አለችውና የደረቱን ፋሻ ፈታችው። እሱ እጆቿን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ያመመው መሰላት፤ ይበልጥ አላላችለት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ሚልዮንን በጀርባዋ አዝላ ነበር በገዳሪፍ በኩል ካርቱም የገባችው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት አልጣለም፣ እሷም ብትሆን ለመታቀፍ እንጂ ለማቀፍ አልደረሰችም ነበር። ልጁ በካርቱም መንደር አደገ፣ አፉን በአረብኛ ፈታ። ይህ ነገር ያስፈራት ነበር። አገሩን ያላየ ልጅ ቋንቋውንም ካጣ የማን ልጅ ነኝ ሊል ነው? ስለዚህ ሕግ አወጣች፦ ከደጁ ወዲህ አረብኛ የለም። «ሞያ» ብሎ ቢጮህ አትሰማም፤ «ውኃ» እስኪል ይጠማል።

አማርኛው እያነከሰም ቢሆን መጣ። የቃሉ ጭራ ግን ሁልጊዜ ይጠፋበታል። «እትዬ፣ ራበ» ይላታል።

«ማን ነው የራበው? ጎረቤቱ ነው?»

«እኔ! እኔ ራበ!»

«ራበኝ በል፣ አንተ አረብ!» ትለውና ተሳስቀው ይበላሉ። ኋላ ጢም አውጥቶ እንኳ «ደክሟል» ይላት ነበር፣ «ደክሞኛል» ለማለት።

ማዮ መንገድ ዳር ካለው የሽማግሌው ዘማርያም ጋራዥ ሥራ የገባ ዕለት እየሮጠ መጣ። ዘማርያም ሙያውን አስመራ የተማረ ሰው ነው፤ ሠራተኞቹንም ዕቃውን ሁሉ በዚያው በለመደው ስም ነበር የሚያስጠራቸው። «እትዬ፣ ደስ ይበልሽ» አላት ሚልዮን፣ «እዚያ ሥራው በአማርኛ ነው! ካንዴላ፣ ቤላ፣ ቴስታ!» ሰርክአዲስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ይሄ የጣልያን ነው፣ ሞኝ!» እሱ ግን ቅር አለው። ለእሷ ብሎ ይዞት የመጣው አማርኛ ነበርና።

ዘማርያም ሲያርፍ ጋራዡን ሚልዮንና ኢሳ ያዙት። ኢሳ የሉጥፊያ የአክስት ልጅ ነው። ቀን ቀን ራክሻ ይጠግናሉ፣ ያቺ ባለ ሦስት እግር ታክሲ ባትኖር ኖሮ ጦማቸውን ያድሩ ነበር። ልባቸው ግን ያለው ከቁርጥራጭ በገጣጠሟቸው ሁለት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ላይ ነበር። አንዱ የሚልዮን፣ አንዱ የኢሳ። በሁለቱም ላይ ከተሰባበሩ ትንንሽ መኪናዎች የወጣ ተርቦ፣ አየር መንፊያ፣ ገጥመውባቸው ነበር።

«በደህና የሚሄደውን ሞተር ምን ብላችሁ ታስነፉታላችሁ?» ትለው ነበር ሰርክአዲስ።

ያን ጊዜ ነው ሚልዮን የሚያወራው። ተርቦው አየሩን በግድ ይግተዋል፤ ሞተሩ ያንን ችሎ እንዲውጥ አንጀቱ መለወጥ አለበት። ከሲሊንደሩ ስር ወፍራም ሳህን አስገብተው ጭመቃውን ቀንሰዋል። ፒስተኑን በተቀጠቀጠ ብረት ቀይረዋል፣ የቴስታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ማሸጊያ በመዳብ አድርገዋል፣ ለተርቦው የራሱን የዘይት ቱቦ ስበውለታል። እጁን እያወናጨፈ፣ አማርኛውን እየገጣጠመ፣ የጎደለውን ቃል ከዘማርያም ቃሎች እየሞላ ያወራል። እሷ «ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ትለዋለች። ዛሬ ያ ሁሉ ወሬ ይቆጫታል። ያን ያህል አማርኛ እንዲያወራት ስትመኝ ኖራ፣ ሲያወራት አንድም ቀን በወጉ አልሰማችውም።

የሰልስቱ ዋዜማ ረፋዱ ላይ ኢሳ መጣ። ዐይኑ አብጧል። ጫማውን አውልቆ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እትዬ።»

«አሜን የኔ ልጅ።»

«ነገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ጓደኞቹ ሁሉ በሞተር ያጅቧችኋል። ተስማምተናል፣ ኸላስ። እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ። የኔው ከእሱ ጋር አንድ ነው፣ የሱን ያየሽ ይመስልሻል።»

ሰርክአዲስ ቀና አለች። «ያው ዓይነት? ቢጥልህስ?»

«አይጥለኝም ኢንሻላህ። የሱ የዘይት ቱቦ ነው የተደፈነው። የኔን ቀየርኩት።»

«አይተኸዋል? ተደፍኖ አገኘኸው?»

«አላየሁም» አለ ኢሳ አንገቱን ደፍቶ። «የሱን መክፈት አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ግን ሌላ ምን ይሆናል? ሌላው በሙሉ ዋላሂ ልክ ነው።»

ሰርክአዲስ አየችው። ልጁ አንገቱን እንደደፋ ነው። ይህ ልጅ ሚልዮን በስሙ የጠራው ሰው ነው፤ እዚያች ሰዓት ላይ የተፈለገ እሱ ነበር። ካሁን በኋላ መደበቁ አልሆነላትም።

«ኢሳ፣ አንተን ነበር የጠራህ። አንተ እንድትፈታለት ነበር የፈለገው። እኔ ፈታሁበት።»

«ምኑን?»

«ፋሻውን። አልሰማህም? አገር ያወቀውን!»

ጸሐይወርቅ አንገቷን አሰገገች። ሉጥፊያ ቴርሞሷን ይዛ ቆመች።

«ምን አለሽ?» አለ ኢሳ። «እሱ ያለውን ንገሪኝ፣ እንዳለው።»

«ፋሻው ጠብቋል፣ ኢሳ ይክፈተው አለ።»

«ጠብቋል? ጠበቀብኝ አላለም?»

«እሱ መቼ ብሎ ያውቃል? ራበኝን ራበ የሚል ልጅ።»

«ይክፈተው ነው ያለው? ይፍታው አላለም?»

ሰርክአዲስ አሰበች። ይክፈተው ነው ያለው። በሩን ነው እንዴ የሚከፍተው? ያኔም ጆሮዋን ቆርቁሯት ነበር፤ ያ የሚያነክስ አማርኛው ነው ብላ አለፈችው።

ኢሳ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ያ ረብ! እትዬ፣ ፋሻ እኮ... ዘማርያም ፋሻ የሚለው ሸንበሩን ነው። የፒስተኑን ቀለበት!»

«ሸንበር?»

ሸንበርን ታውቃለች። ካርቱም ኖሮ የራክሻ ነጂ «ሸንበሩ ሄደብኝ» ብሎ ሲያለቅስ ያልሰማ ማን አለ?

ኢሳ ለማስረዳት ሞከረ፤ ቃላቱ እርስ በርሳቸው እየተራገጡበት። ፋሻው ዙሪያውን የገጠመ አይደለም፣ ጫፍና ጫፉ መሃል ትንሽ ክፍተት አለው። ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ክፍተቱ ለዚያ ነው። ተርቦ ሲገባ ሙቀቱ ይብሳል፣ ክፍተቱም መስፋት ነበረበት። ሚልዮን ግን ተርቦው የሚነፋው ትንፋሽ እንዳያመልጥ ብሎ የሁለቱንም ሞተር ፋሻ በድሮው ልክ ጥብቅ አድርጎ ገጠመው። ጫፎቹ ከተጋጠሙ መሄጃ የለውም፣ ሲሊንደሩን ነክሶ ይይዛል። ጎማውም ይቆማል።

«ወድቆ ሳለ ገብቶታል» አለ ኢሳ። «ስለ ራሱ አልነበረም የሚያወራሽ። ስለኔ ነው። የኔን እንድከፍተው ነው።»

ሰርክአዲስ ከነጠላዋ ስር የእጇን አንጓ ዳሰሰች። አምባሯ ትዝ አላት። አንድ ቀን ማዕድ ላይ የብር አምባሯን ከእጇ አውልቆ፣ «ፋሻ ማለት እንደዚህ ነው እትዬ፣ ጫፍና ጫፉ አይነካካም» ብሏት ነበር። «አምባሬን አምጣ፣ እራትህን ብላ» አለችው። ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣባት፣ እስካሁን ለማንም ያልነገረችው፣ ለራሷም ከቁጥር ያላስገባችው። ያን ዕለት አልጋው ላይ የሚልዮን የመጀመሪያ ቃል ፋሻ አልነበረም። «እትዬ፣ አ-ሸ... አሸና...» ነበር ያለው፤ «አሸናቢር» ሊል፣ ሸንበሮቹን በአረብኛ። እሷ ግንባሩን እየዳበሰች፣ ከልማድ ነው፣ ከፍቅርም ነው፣ «በአማርኛ ንገረኝ ሆዴ» አለችው። ፈገግ አለ። ዐይኑን ጨፍኖ ፈለገ፣ ፈለገና አገኘ። «ፋሻው» አላት፣ እንደ ታዘዘ ልጅ።

ያኔ ነው ከተቀበረ ወዲህ ያልወጣላት ለቅሶ የወጣው። «ያላለውን አድርጌ፣ ያለውን ሳልሰማ!» እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ ተነሥተው ያዟት። ጸሐይወርቅ እንኳ ለአንዴ ድምፅ በሌለው ለቅሶ አለቀሰች። እንባው ጋብ ሲልላት ሰርክአዲስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ኢሳን ጠራችው።

«ሞተርህን ፍታው። ያንን ነገር እዚህ አምጥተህ ነው የምታበጀው። ላየው እፈልጋለሁ።»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ?»

«ለቅሶውስ የማን ሆነና!»

ከሰዓት በኋላ ሲሊንደሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሞረዱን በኪሱ ይዞ በራክሻ ተመለሰ። ሉጥፊያ ከቡና ረከቦቱ ጎን ቦታ ለቀቀችለት። ኢሳ ፋሻዋን፣ ያቺን የብረት ቀለበት፣ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ ወደ ብርሃን አዘንብሎ አሳያት። ጫፍና ጫፉ ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም። ካወጣት በኋላ ሞረዱን ይዞ ሊጀምር ሲል ቀለበቷ ከጣቶቹ አምልጣ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

ሰርክአዲስ እጆቿን ከነጠላዋ ስር አወጣች። ሰው ሁሉ እያያት ቀለበቷን አነሣች። ቀላል ናት፣ ከአምባሯ የቀጠነች። በሁለት ጣቷ ያዘችለት። «ሞርድ» አለችው።

ኢሳ ሞረደ፤ እየለካ ሞረደ፣ እየለካ ሞረደ። «ይበቃል እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ልኩ ይሄ ነው።»

እሷ ቀለበቷን ራሷ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባች፣ እሱ ሲያደርግ እንዳየችው። የአውራ ጣቷን ጥፍር ወደ ክፍተቱ ሰደደች። የጥፍሯ ጫፍ አለፈ፣ ቀጥሎ ያዘ። ጎንበስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ ቤት ውስጥ እሷ ተናግራው በማታውቀው ቋንቋ፣ በአረብኛ፣ «ዚድ ሹወያ» አለች። «ዚድ ሹወያ፣ ያ ሚልዮን።»

ኢሳ ማንን እንደጠራች አላረማትም። ቀለበቷን ከሲሊንደሩ አውጥቶ፣ እንዳለችው ክፍተቱን በሞረድ ትንሽ ጨመረላት።