በድምቡሼ እርምጃ የሚሄድ ባቡር

ጋሽ አሳንሰር የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፎቅ ቤቶችን አሳንሰር ሲጠግኑ ስለኖሩ ስሙ ልክ ገብቶላቸዋል። ለእሳቸው አሳንሰር ማለት ሲነሳ የማያንገጫግጭ፣ ሲቆም የማያስደነግጥ ነገር ነው። ከዚያ ያነሰውን ሁሉ ባልዲ ይሉታል። ጡረታ ሲወጡ ግን እጃቸው አርፎ መቀመጥ እምቢ አለ። ሳሎናቸው ውስጥ ሰፊ ጣውላ አቁመው፣ ሐዲድ ዘርግተው፣ መዳፍ ላይ በሚያርፉ ትንንሽ ባቡሮች መጫወት ጀመሩ። ጨዋታ ነው ያላቸውን ሰው ታዲያ ይቀየሙታል። ሥራ ነው።

ያን ሰሞን ሥራው ጎታቹን ማረም ነበር። ጎታች የሚሉት ሞተር ያለውን፣ ፉርጎዎቹን የሚስበውን የባቡሩን ራስ ነው። ይሄ ጎታች አመለኛ ነው። ልቀቀው ሲሉት ይበራል፣ ቀስ በል ሲሉት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ሳይታሰብ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ለሌላ ሰው ይሄ ምኑም አይደለም። ለጋሽ አሳንሰር ግን ጉዳዩ የድምቡሼ ጉዳይ ነው። ድምቡሼ የሴት ልጃቸው ልጅ ናት፤ እግሯ ገና የጠና፣ አፏ ግን ከ“አባባ” እና ከ“ቱቱ” ብዙም ያላለፈ። ጣቷን ጣውላው ጠርዝ ላይ አድርጋ ከባቡሩ ጎን ጎን መሄድ ትወዳለች። ባቡሩ ቆሞ ድንገት ሲዘል ክው ትላለች፤ ከንፈሯን ትጥላለች፤ ከዚያ ለቅሶው ይከተላል። አያት ደግሞ ያንን ከንፈር አይቶ አርፎ የሚተኛ ፍጡር አይደለም። ስለዚህ ጋሽ አሳንሰር በድምቡሼ እርምጃ ልክ የሚሄድ፣ ስትቆም የሚቆም፣ ስትነሳ ሳያስደነግጣት የሚነሳ ባቡር ልሠራላት ብለው ቆርጠው ተነሡ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ሞከሩ። ኤሌክትሪኩ ወደ ጎታቹ የሚገባው በሐዲዱ በኩል ስለሆነ፣ ሐዲዱ ትንሽ ካደፈ ጎታቹ ይራባል። ሐዲዱን አልኮል በነካ ጨርቅ ወለወሉት። መንኮራኩሮቹን በጥጥ ጠረጉ። ጥርሳጥርሱን በመርፌ ጫፍ በተንጠለጠለች ዘይት ብቻ ነካ ነካ አደረጉት፤ ዘይት ከበዛ አቧራ ይጠራል ባይ ናቸው። ጎታቹ ተሻለው እንጂ አልዳነም። በሽታው ሞተሩ ውስጥ ነበር። ሞተሩን የሚያዞሩት አሮጌ ማግኔቶች ደክመዋል። ጋሽ አሳንሰር አዳዲስ ገዙ፤ ምስር የሚያካክሉ፣ የሚያብለጨልጩ፣ አንዷ ሌላዋን ከያዘች በጥፍር የማትላቀቅ። ሻጩ ሲያስረክባቸው፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ አርቁ፣ ሆድ ውስጥ ከገቡ ተሳስበው አንጀት ይበሳሉ ብሎ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ለእኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ ብለው በኩራት ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ኮፍያ ካልተነገረ በኋላ የሚመጣው ፍርሃታቸው ለሰው አይገባም። ባለፈው ክረምት ድምቡሼ በእሳቸው እጅ ሳለች ከወንበር ወድቃ ግንባሯ አብጦ ነበር። ጋሽ አሳንሰር ልጃቸውን ፈሩ። ፈሩና ለሕፃኗ ኮፍያ ደፍተውላት፣ ዛሬ ነፋሱ አይጣል ነው እያሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ለእናቷ አስረከቡ። ማታ ኮፍያው ወለቀ። ልጃቸው በማግስቱ መጥታ ኮፍያውን በሩ አጠገብ ያለው መስቀያ ላይ ሰቀለችው እንጂ አልጮኸችም፤ ብትጮኽባቸው ይሻላቸው ነበር።

“ልጅ ይወድቃል፣ አባዬ። እኔ ያልቻልኩት ኮፍያውን ነው” አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ድምቡሼን ሌላ ሴትዮ ጋ ማዋል ጀመረች። ጋሽ አሳንሰር ያን ክረምት ባቡሩን ለማንም ሳይነዱ፣ ከቤታቸው ግድግዳ ጋር ሲነጋገሩ ከረሙ። ልጃቸው መልሳ ሕፃኗን ያመጣችላቸው በቅርቡ ነው። ምንም አላለችም፣ ልጅቷን ከነቦርሳዋ በራፉ ላይ አስረክባቸው ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ ሄደች። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። አንድ ጊዜ ይቅር ተብለዋል፣ ሁለተኛ የለም።

እንግዲህ ያን ቀን ረፋዱ ላይ ጎታቹን ፈትተው፣ የፈቱትን ሁሉ እንደ ልማዳቸው የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ደርድረው፣ አዲሶቹን ማግኔቶች ከጎኑ አድርገው፣ የድምቡሼን ወተት ሊያሞቁ ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ቶሎ ተመለሱ፣ ቶሎ ግን ለልጅ ብዙ ነው። ድምቡሼ የጠረጴዛውን ልብስ ይዛ ጎትታለች። ክዳኑ ወለሉ ላይ ነው፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትፍለቀለቃለች።

ጋሽ አሳንሰር ወተቱን አስቀምጠው ተንበረከኩ። ሰብስበው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። አንድ ማግኔት የለችም።

ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተው ፈተሹ፣ ነከሰቻቸው እንጂ ምንም የለም። መዳፎቿን ፈለቀቁ፣ የባለማንገቻ ሱሪዋን የጎን ኪሶች ገለበጡ፣ ምንጣፉን አነሱ፣ የጠመንጃ መፍቻውን ጫፍ ወለሉ ላይ እየጎተቱ ከሶፋው ሥር እስከ በሩ ድረስ ዳኹ። መፍቻው ላይ አንድ የጠፋ የወረቀት ማያያዣ ተለጠፈ፣ ሌላ የለም። ቢቸግራቸው ሕፃኗን ጠየቁ። ዋጥሽው? ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ወፏ ወሰደችው? እሱንም ነቀነቀች። አባባ ጅል ነው? ለዚህኛው ሁለት ጊዜ ነቀነቀች። ከእሷ ነገር ማውጣት አልተቻለም።

በዚህ ጊዜ ነው ያ የጠጋኝ ጭንቅላታቸው ጉድ የሠራቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን አንጠልጥሎ ሆስፒታል ይሮጣል። እሳቸው መጀመሪያ መሞከር አለባቸው። ዘይት የሚያንጠባጥቡበትን መርፌ በክር አንጠለጠሉና ድምቡሼን ሶፋው ላይ አጋድመው እላይዋ ላይ አዞሩት። ማግኔት ካለ መርፌው ይሳባል ማለት ነው። በጭንቅላቷ ላይ ምንም። በደረቷ ላይ ምንም። ሆዷ ላይ ሲደርሱ መርፌው ዘመም አለ፣ ክሩን ወጠረ፣ ወደ ታች አፈንግጦ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጋሽ አሳንሰር መርፌውን ወደ ኋላ መለሱት፣ እንደገና አመጡት። እንደገና ተሳበ። ድምቡሼ የሚኮረኩሯት መስሏት ትስቃለች። ያቺ ምስር የምታክል ነገር እዚያ ለስላሳ ሆድ ውስጥ ናት። አንድ ብቻ ብትሆን ምናልባት ራሷ ትወጣ ነበር። ግን አንዷን የዋጠች ልጅ ሌላ ብረት አለመዋጧን ማን አየ? ሲቆጥሩ ተሳስተው ቢሆንስ? ሁለት ብትሆንስ? ሻጩ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ጆሯቸው ላይ ተመለሰ።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ፍርሃት መጣ፣ ከመጀመሪያውም የሚያሳፍረው። ልጄ ምን ትለኛለች? እስኪ ትንሽ ልጠብቅ አሉ በሆዳቸው። ወተቷን ትጠጣ። አላለቀሰች፣ አላስመለሳት። ምናልባት እስከ ማታ በደህና ትወጣና ማንም ሳያውቅ፣ ነገ ባቡሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እሷም ጎን ጎኑ። እንዲህ እያሉ ቀና ሲሉ ዓይናቸው በሩ አጠገብ ያለው መስቀያ ላይ አረፈ። ያቺ ኮፍያ እስከ ዛሬ እዚያው ተንጠልጥላለች።

በአሳንሰር ሥራ አንድ ሕግ አለ። የፈታኸው ቡሎን አንዱ ከጎደለ አሳንሰሩ አይነሳም። መብራቱን ታጠፋለህ፣ ለፎቁ ሰው ሁሉ ትናገራለህ፣ ሰውም ደረጃውን እየወጣ ይረግምሃል። ትረገማለህ እንጂ ዝም አትልም። ጋሽ አሳንሰር ይሄን ሕግ አንድ ቀን አፍርሰው አያውቁም። ለማያውቁት ሰው ነፍስ እንዲያ ሲጠነቀቁ ኖረው፣ ለገዛ ልጃቸው ልጅ ግን ኮፍያ ደፉ። ወይ ነዶ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ስልኩን አነሱ።

ስልኩን ያነሳችው የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ናት። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት አይጠራም ልትል ጀምራ ነበር፣ ስለ ሕፃኗ ነው ሲሏት ግን ልጃቸውን ጠራችላቸው። ከጀርባ የስፌት መኪናዎቹ ሲንገጫገጩ ይሰማል።

“አንድ ማግኔት ጎድሏል” አሉ ጋሽ አሳንሰር። “ድምቡሼ ሳትውጠው አልቀረችም። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“ሆስፒታል ውሰዳት። እዚያው እመጣለሁ” አለችና ዘጋችው።

ታክሲ ውስጥ ጋሽ አሳንሰር ድምቡሼን ታቅፈው ወንበሩ መሃል ላይ ተቀመጡ። የመኪናው በር ብረት ነው፣ ያችን ነገር ሆዷ ውስጥ ቢስባትስ? ከበሩ አራቋት። ከዚያ የገዛ ቀበቶአቸው ዘለበት ትዝ አላቸው፣ እሱም ብረት ነው፣ እሷ ደግሞ ሆዷን ለጥፋበታለች። ቀበቶአቸውን ፈትተው በመስኮት ወረወሩት። ባለ ታክሲው በመስታወት አየና ፍጥነት ጨመረ። ጋሽ አሳንሰር ሆስፒታሉን የገቡት በአንድ እጃቸው ልጅ፣ በሌላው ሱሪያቸውን ይዘው ነው።

ልጃቸው የልብስ መለኪያ ጥብጣቡን ከአንገቷ ሳታወጣ፣ ቀሚሷ ላይ ክር እንደ ተሰካካ እየሮጠች ደረሰች። ድምቡሼን ከእጃቸው ነጠቀችና አገላብጣ አየቻት። እሳቸውን አላየቻቸውም። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ አሳንሰር መሬት መሬት እያዩ፣ ረፋዱ ላይ እንደሆነ፣ ወዲያው እንዳልደወሉ፣ በመርፌ ሲሞክሩ እንደቆዩ፣ መርፌውም ሆዷ ላይ ሲደርስ እንደተሳበ ሁሉንም ተናገሩ። ሐኪሙ መርፌ የሚለውን ሲሰማ ቅንድቡን ሰቀለ፣ ግን አልሳቀም። ራጅ ትነሳ አለ።

ራጅ ክፍሉ ይበርዳል። ራጅ አንሺው ልብሷን አውልቁላት አለ። እናቷ ማንገቻዎቹን ፈታች፣ ሱሪውን ከእግሯ አውጥታ፣ ሳታይ ከጎኗ ወዳለው የብረት ጋሪ ወረወረችው። ሱሪው የጋሪውን ጎን መታና ተንሸራተተ። መውደቅ ሲገባው ግን አልወደቀም። ሆዱ ላይ የተሰፋችው የጨርቅ ጥንቸል ብረቱ ላይ ልጥፍ ብላ፣ ሱሪውን አንጠልጥላ ቀረች።

ጋሽ አሳንሰር በጣታቸው አመለከቱ።

ልጃቸው ሄደች። ጥንቸሏን ከብረቱ ላቀቀቻትና በሁለቱ ጆሮዎቿ መሃል ሁለት ጣቷን ከተተች። ጋሽ አሳንሰር ያቺን ጥንቸል ሁልጊዜ ያይዋታል፤ ጌጥ ናት ብለው ነው የሚያውቋት። ኪስ መሆኗን የምታውቀው የሰፋቻት እናት ብቻ ናት። ከውስጧ መጀመሪያ የብስኩት ፍርፋሪ ወጣ፣ ከዚያ የቁልፍ ስባሪ፣ ከዚያ ምስር የምታክል የምታብለጨልጭ ነገር። መርፌውን የሳበችው እሷ ናት፣ ከሆዷ ውስጥ ሳይሆን ከሆዷ ላይ።

ጋሽ አሳንሰር ግድግዳውን ተደገፉ። ሱሪያቸውን የያዘውን እጃቸውን ሊረሱት ምንም አልቀራቸውም። ልጃቸው ግን ማግኔቷን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ፣ ፎቶው ይነሳ አለች። ሌላ መኖር አለመኖሩን በዓይኔ ካላየሁ አልወጣም አለች። ልክ ናት፤ እሳቸውም አሳንሰሩን ራሳቸው ሳይሳፈሩበት ተጠግኗል ብለው አያውቁም። ፎቶው ተነሳ። ሐኪሙ ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አየው። ሆዱ ንጹሕ ነው፣ ብረት የለበትም አለ።

ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ድምቡሼን መልሳ አለበሰቻት። ማንገቻውን መቆለፍ ግን አቃታት። ጋሽ አሳንሰር ሊያግዟት ፈለጉ፣ ግን ፈሩ። ቆመው የሚመጣውን ጠበቁ። ነገ ያቺ ሴትዮ ጋ ትውላለች የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ በፊት ሰምተውት ነበር።

ልጃቸው ቀና አለች። መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ከዚያ ሱሪያቸውን የያዘውን እጃቸውን አየች። አንገቷ ላይ ያለውን መለኪያ አወረደችና ተነሥታ በሱሪያቸው የቀበቶ ማስገቢያዎች ውስጥ አሳልፋ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው። ልክ ልብስ እንደምትለካለት ሰው፣ ሥራዋን እንጂ ዓይናቸውን ሳታይ።

“መርፌውን ተወው ከአሁን በኋላ” አለች። “መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትደውለው።”

“እሺ” አሉ ጋሽ አሳንሰር።

“ማግኔቷ እኔ ጋ ትቆይ። ነገ ድምቡሼን ሳመጣት እሰጥሃለሁ። እሷ ስትተኛ፣ በር ዘግተህ ትጨርሰዋለህ።”

ነገ ስትል ጆሯቸውን ተጠራጥረው እንዳይጠይቋት አንገታቸውን ደፉ። ዕንባቸው መለኪያው ላይ ጠብ አለ፣ ድምቡሼም ቱቱ እያለች እጃቸውን ወደ በሩ ጎተተች።