ገብታ ቀረች

መጸው ሲገባ ፊልም አዋቂው ይበዛል። ዘንድሮ ማን ይሸለም ይሆን የሚለው ወሬ ከጋዜጣ አልፎ እኔ ልብስ ስፌት ቤት ድረስ ይዘልቃል፤ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣው ሁሉ ዳኛ ነው። በዚህ ዓመት ግን ሁሉም አንድ ሰው ላይ ተስማሙ፤ ተዋናይዋ ታላቅ እህቴ ላይ። የጋዜጣው ሐያሲ እንዲያውም "ገጸ ባሕርይዋ ውስጥ ገብታ ቀረች" ብሎ ጻፈላት። ቆርጬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት መስኮት ዳር ተቀምጣ እህቷን ትጠብቃለች። እህትየዋ አትመጣም። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሰው ግን እየተንሰቀሰቀ ይወጣል።

እህቴ ከቀረጻ ከተመለሰች ወዲህ ጠባይዋ ሌላ ሆነብኝ። ድሮ እኔን ሳትነቁር አትውልም፤ ከሲታ ስለሆንኩ "ጭራሮ" ነበር የምትለኝ። አሁን "እህቴ" ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ ተሽቆጥቁጣ። ከሥራ ስገባ መስኮቱ ዳር ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

የሽልማቱን ቀሚስ ልሰፋላት ስለካት ግን ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ልጅ ሆና ካውያ ያቃጠላት ክንዷ ላይ ጠባሳው የለም። የት ሄደ ብላት፣ የቱ ጠባሳ ብላ መልሳ ጠየቀችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

በማግስቱ ብቻዬን ሲኒማ ቤት ገባሁ። ከዚህ በፊት ያየሁት ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ ግን የመስኮቷ ሴት እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች፤ ጠባሳው እዚያ ነበር።

"ጭራሮ፣ የት ጠፋሽ? አውጪኝ እንጂ" አለች።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ የሰማ የለም።

ፊልሙ ቅዳሜ ሊወርድ ነው ተባለ። ከወረደ እህቴን የት አገኛታለሁ? ፊት ለፊት ካገናኘኋቸው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ፣ ቤት ያለችውን ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ ይዣት ሄድኩ። እሺ ብላ ተከተለችኝ።

መብራቱ ሲጠፋ እጄን ያዘችኝ።

"ለምን እንዳመጣሽኝ አውቃለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ዕድሜዬን ሙሉ እህት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሁን አገኘሁሽ። አልመለስም።"

እጄን ላላቅቅ ታገልኩ። አልለቀቀችኝም።

ሸራው ላይ እህቴ በመስኮቱ ወደ እኛ ተመለከተች። ልትጠራኝ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ የተያያዘው እጃችን ላይ አረፈ። ያን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ሲከፋት እንዲያ ነው የምትሆነው። መጋረጃውን ሳበችና መስኮቱን ጋረደችው።

ልጣራ ስል አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም። ከኋላችን አንዱ፣ ዘንድሮ ሽልማቱ ያለጥርጥር የእሷ ነው አለ።

አጠገቤ ያለችው ዞር ብላ አመሰገነችው።