የእሳት አንዳጁ ካሣ

አብዱሰመድ ከምጽዋ ከተመለሰ ወዲህ አርፎ መቀመጥ አቅቶታል። ይገባል፣ ይወጣል፣ በሩ ላይ ይቆማል። በአስመራው መንገድ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ጋቢውን ጣል አድርጎ ይሮጥና ብዙ ሳይርቅ ሳል ይይዘዋል፤ አጥር ተደግፎ ይቀራል።

«ሰውየው ከመጣ ጠይቆ ያገኝሃል፤ ምን ያራውጥሃል?» ትለዋለች ሚስቱ ኡሙሀኒ።

«ሳያገኘኝ ቢመለስስ?»

ከወሎ መቀሌ የመጣው በጎረምሳነቱ ነበር። ለነጋዴዎች ጨውና እህል እየተሸከመ ኖረ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ምጽዋ ወርዶ በአንድ የጭነት መርከብ ተቀጠረ። ሥራው በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከምድጃው ፊት ቆሞ ከሰል በአካፋ እየዛቀ እሳቱን ማንደድ ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ አካፋውን እንደያዘ ወደቀ። ሲነቃ አፉ ደም ደም ይለዋል። ምጽዋ ላይ አወረዱትና መርከቡ ሄደ።

በሥራ ላይ የታመመ መርከበኛ ካሣ እንደሚከፈለው በቅጥሩ ጊዜ ተነግሮት ነበርና አመለከተ። የመርከቡ ድርጅት ግን «ሲቀጠርም በሽተኛ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ነገሩን የሚያጣራ ሰው ወደ መቀሌ እንደሚልክም አስታወቀ።

ሰውየው በመጣበት ቀን አብዱሰመድ ደህና ነበር። ይኸው አስፈራው።

«ተኛ» አለችው ኡሙሀኒ። «ቆመህ ቢያይህ ምን ይላል?»

«ወላሂ አልተኛም። ውሸታም ልታሰኚኝ ነው?»

የተላከው ሰው ከፋለ ይባላል፤ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ሁሌም የሚቸኩል የሚመስል የድርጅቱ ጸሐፊ ነው። ገና ሳይቀመጥ አብዱሰመድን ከላይ እስከታች አየው።

«ደህና ትመስላለህ።»

«ካልተንቀሳቀስኩ ደህና ነኝ፣ ጌታዬ።»

ከፋለ ወደ ኡሙሀኒ ዞረ። «ባልሽ መርከብ ሳይገባ በፊት ያስለው ነበር?»

ኡሙሀኒ መሬት መሬት አየች። አብዱሰመድ ቀድሟት መለሰ።

«አንድ ክረምት አሞኝ ነበር» አለ። «ድኜ ነው የሄድኩት።»

«እንግዲህ ራስህ ተናገርከው» አለና ከፋለ ሊነሳ ተዘጋጀ።

«ድኗል እያለህ!» ኡሙሀኒ ጮኸች። «ከዳነ በኋላ እህል ተሸክሞ ዳገቱን እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ድረስ ይወጣ ነበር። ያውም እየዘፈነ!»

«ዛሬስ?»

አብዱሰመድ ብድግ አለ። በሩን ከፍቶ ወጣ። ከፋለ ሲደርስበት ወደ ዳገቱ እየገሰገሰ ነበር፤ ባዶ እጁን። መጀመሪያ ፈጥኖ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ከግማሽ ሳይደርስ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጋቢውን አፉ ላይ ሲይዝ ጫፉ ቀላ። ውሃ ተሸክማ የምትወርድ ሴት እንስራዋን አስቀምጣ «አጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ» እያለች ፊቱን አራሰችለት።

«በቃ» አለ ከፋለ። ድምፁ ተለውጧል። «በቃህ፣ አየሁ።»

«ልነሳ... ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ተቀመጥ አልኩህ!» ከፋለ አጠገቡ ተንበረከከ። «ስትቀጠር ሐኪም አይቶህ ነበር?»

«የራሳችሁ ሐኪም። ደረቴን አዳምጦ ለምድጃው ትሆናለህ አለኝ።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነዋ።»

ከፋለ ኮቱን አውልቆ ከጀርባው አደረገለት። ወደ አስመራ ሲመለስ ያየውንና የሰማውን ሳይቀንስ ለአለቆቹ ተናገረ። ክርክሩ ግን ቀላል አልሆነም። የድርጅቱ ሰዎች ያቺን አንድ ክረምት ይዘው ሙጭጭ አሉ፤ በመጨረሻ ከተጠየቀው ካሣ ግማሹን ከፈሉ።

ኡሙሀኒ በንዴት ሰነበተች። «ዝም ብትል ኖሮ ሙሉው የእኛ ነበር» አለችው።

«አንቺስ ለምን አልዋሸሽም?»

በማግስቱ በካሣው ገንዘብ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች። አሁን እሱ ከሚዛኑ ጎን ተቀምጦ ጨው ይሸጣል፣ ከባዱን እሷ ታነሳለች። ሊያግዛት ብድግ ሲል በዓይኗ ትመልሰዋለች። እሱም ይቀመጣል። እጆቹ ግን የሚይዙትን ያጣሉ፤ ሚዛኑን ያለ ምክንያት ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል።