ከቧንቧው እስከ አግዳሚው

ስለዚያ ሜዳ የሚያወራ ሁሉ የሚያነሳው የራሱን ነው። ልብስ አጣቢዎቹ ቧንቧውን ያመሰግናሉ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ሣሩን። ቤት የጠበባቸው እጮኛሞች ከቁጥቋጦው ጀርባ ስላለው ነገር ባይናገሩም እነሱም አያማርሩም። ከተማ መሃል ተቀምጦ ማንንም «ወዴት ነህ?» የማይል ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ለጋሽ ሜትር ግን ለሌላው ያልሰጠውን ሰጥቷቸዋል፤ ሁለት እጃቸውን መልሶላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሜትር አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከአንገታቸው ከማይጠፋው መለኪያ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቤት ውስጥ እጃቸው ግድግዳ ይዳብሳል፤ መንገድ ላይ ምርኩዝ ይጨብጣል። ሜዳው ላይ ብቻ ምርኩዙን ብብታቸው ስር ሸጉጠው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ባለ ዓይን ሰው ቀና ብለው ይንሸራሸራሉ። ቆጠራው በቃላቸው ነው። ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ሜዳው በር ስድስት መቶ አርባ እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው ሠላሳ፣ ከቧንቧው ከትልቁ ዛፍ ስር እስካለው አግዳሚ ወንበር በቀጥታ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ወንበሩን አልፈው ሃምሳ ሲሉ የቆርቆሮውን አጥር በጣታቸው ነካ ያደርጉና ይመለሳሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው የሰውን ጫጫታ ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን አጥሩ አርባ ሰባት ላይ እጃቸው ገባ።

አለፉት። ሰው ያመልጠዋል፣ ይሳሳታል። በሳምንቱ አርባ አንድ ላይ መጣ። እስከ ወንበሩ ያለው ግን እንደ ድሮው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ አንድም አልጎደለም። ቀልባቸው አልወደደውም። ማታ ልጃቸው በእሳቸው ወንበር ተቀምጣ በእሳቸው መኪና ስትሰፋ ነገሩን አነሱላት።

«አባዬ፣ እርምጃህ ረዝሞ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

«ከወንበሩ ወዲያ ብቻ ነው የሚረዝመው? ደሞስ የሽማግሌ እርምጃ ያጥራል እንጂ የት አባቱ ይረዝማል? ቢያጥር ቁጥሩ በጨመረ ነበር።»

መኪናው ቆመ። ሳቋም ቆመ። ጋሽ ሜትር ያኔ ገባቸው፤ የልጃቸው ሐሳብ ውስጥ የገባው አጥሩ ሳይሆን ታላቅ ወንድማቸው ነው። ወንድማቸው መጀመሪያ ቀኑን መጠየቅ አበዛ፣ ቀጥሎ የቤቱ በር ጠፋው፣ መጨረሻ ላይ የወለዳቸውን «እናንተ የማን ናችሁ?» አለ። ያስታመመችው እሷ ናት።

«ቁጥሩ ከተምታታብህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ብቻህን መውጣቱን ብንተወው ይሻላል።»

«ቀልዴን ነው እኮ» አሉ። ውሸታቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሆዳቸው ውስጥ ያዙት። አጥሩ ሠላሳ ላይ መጣ፤ አሥራ ስምንት ላይ መጣ። ጉድ የሚያሰኘው በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ዓይን ያለው ሰው እዚያ መዋሉ ነው። ሁሉም ቆርቆሮ መሆኑን አይቶ ያልፋል፤ የት ጋ እንደቆመ ልብ ያለ አልነበረም። አንድ ጠዋት የሜዳውን ዘበኛ ገለል አድርገው ጠየቁት። የቆየ ወዳጃቸው ነው።

«ይህ አጥር ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

«ጋሼ ደሞ! አጥር እግር አለው?» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባይቆጥሩ ይሻላል። አየር ተቀብለው ይሂዱ፣ በቃ።»

«ማነው የሚያንቀሳቅሰው?»

«እኔ ልጆች አሉኝ፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው።

በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ «ወዴት ነው?» ያላቸው የማያውቁት ድምፅ ነበር። በዚያ ሜዳ እንዲህ ተብለው አያውቁም። እልህ ያዛቸውና ምርኩዛቸውን ሸጉጠው ገቡ። ሁለት መቶ አምስት ላይ፣ ወንበራቸው ጋ ሊደርሱ ሰባት ሲቀራቸው፣ በግንባራቸው ከቆርቆሮው ጋር ተላተሙ። ወንበሩም ዛፉም ወዲያ ማዶ ቀርተዋል። ደማቸው እየወረደ በሰው ተደግፈው ቤት ገቡ።

«አጥሩ ነው የመጣብኝ» አሉ።

ልጃቸው ቁስሉን እያጠበች አለቀሰች፤ ሳታምናቸው አለቀሰች። ሄዶ ማየት አልታሰባትም። ሥራ ተደራርቦባታል፣ ደግሞም ምን እንደምታይ አስቀድማ ወስናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሜትር በር እየተቆለፈባቸው ቤት ዋሉ። ሁለት ሳምንት ግድግዳ ሲዳብሱ ሰነበቱ። የባሰው ነገር ራሳቸውን መጠርጠራቸው ነበር። ሌሊት የልጆቻቸውን ስም፣ የድሮ ደንበኞቻቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር ይደግማሉ፤ ምንም አልጠፋቸውም። ግን ወንድማቸውም ምንም እንዳልጠፋው ይምል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጃቸው የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ በሩን መቆለፍ ረሳች። ጋሽ ሜትር ጫማቸውን አደረጉ።

የሜዳው በር ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ላይ ደረሰባቸው። እንደ ሌባ እየተጣደፉ ስለመጡ አልፈረዱበትም። እጃቸው የድሮውን የብረት ዘንግ ፈልጎ ቆርቆሮ አገኘ፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ «ወዴት ነው?» የሚልም የለም። እስከ ቧንቧው ሠላሳ የነበረው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። «ከዚያ ቆርጦ እዚህ ቀጠለው» አሉ በልብስ ሰፊ ቋንቋ፣ ለራሳቸው። ቧንቧው ቆሟል፤ መክፈቻው ተነቅሏል። የሚያጥብ የለም፣ የሚጫወት የለም፣ ወፍ እንኳ የለም። ጆሯቸው ከሩቅ የሚያጉረመርም የሞተር ድምፅ ብቻ ያዘ።

ያ ዝምታ ሊመልሳቸው ይገባ ነበር። ግን የመጡት ለጭንቅላታቸው ነው፤ ደህና መሆኑን ሊያዩ። ምርኩዙን ሸጎጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፣ ቀጠሉ። ሁለት መቶ ሲሉ ለቆርቆሮው አንድ እጃቸውን ዘረጉ። የለም። ሁለት መቶ አምስት። የለም! ደስ አላቸው። አጥሩ ተነስቷል፤ ወይም ከመጀመሪያው አልነበረም፤ ብቻ ቆጠራው ሊሞላላቸው ነው። እግራቸው ስር ሣሩ ጠፍቶ ለስላሳ አፈር ሆኗል፣ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። አበባ ሊተክሉ ነው አሉ። ሁለት መቶ ሰባት። ሁለት መቶ ስምንት።

«አባዬ! ቁም! እግርህን እንዳታነሳ!»

ልጃቸው ነበረች፤ ቤቱን ባዶ አግኝታ ሮጣ የመጣች፣ ከኋላ ከቧንቧው በኩል፣ ትንፋሽ አጥሯት።

«ሁለት መቶ ስምንት ነኝ» አሉ ሳይዞሩ። «አራት ብቻ ነው የቀረኝ። ልቀመጥና ነይ።»

«ጉድጓድ ነው! ከፊትህ ጉድጓድ ነው!»

አላመኗትም። ቤት ልታስቀምጣቸው የፈለገች ልጅ ብዙ ነገር ትላለች። አንድ እግራቸው ተረከዙን አነሳ።

«ወንበሩስ?»

«የለም።»

«ዛፉስ?»

«እባክህ አባዬ! ምንም የለም! ቆጠራህ ልክ ነው፤ ያኔም ልክ ነበር። አጥሩ ነው የመጣው። እኔ ነኝ ሳላይ የቀረሁት!»

ሦስት ሳምንት የጠበቁት ቃል ይህ ነበር። ተረከዛቸውን መለሱ። ምርኩዙን ከብብታቸው አውጥተው ወደፊት ዘረጉ። በአንድ እርምጃ ርቀት አፈር ነካ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካው አጣ። ከጠርዙ ጓል ተንዶ ወረደ። መሬት እስኪመታ ጠበቁ፤ ድምፁ ከጠበቁት በላይ ዘገየ። አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ደርሳ ከኋላ አቀፈቻቸው። ልቧ ጀርባቸው ላይ ሲመታ ይሰማቸዋል።

ሲመለሱ ምርኩዙን ብብታቸው ስር አላስገቡትም። በሩ ላይ፣ መንገዱ ላይ ከተተከለው አዲስ ቆርቆሮ አጠገብ ሲደርሱ፣ እሷ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ከቤት እስከዚህ ስንት ነበር?»

«ስድስት መቶ አርባ።»

«ዛሬስ?»

ያኔ ነው ትዝ ያላቸው።

«ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ» አሉ፤ እርምጃህ ረዝሞ ነው እንድትላቸው ጠበቁ።

አላለችም። ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ወደ ቤታቸው መራመድ ሲጀምሩ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ሰሟት።