የዴዴሳ ዝሆኖች ጠባቂ

በ1973 ዓ.ም. አንድ የውጭ መንግሥት ለዴዴሳ ሸለቆ ዝሆኖች ጥበቃ የሚሆን በጀት መስጠቱ ነቀምቴ ላይ በስብሰባ ተነገረ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ።

በሳምንቱ ድርቤ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ከሸለቆው ነቀምቴ ድረስ በእግሯ መጣች። የዱር አራዊት ጥበቃ ኃላፊው ጓድ ኩማ ቢሮ ገባችና፣

“አካም ጅርቱ፣ ጓድ። ዝሆኖቹ የበቆሎዬን ግማሽ በልተውታል። ከእንግዲህ በጀት ካላቸው ገዝተው ይብሉ” አለች።

ኩማ አልሳቀም። የበጀቱን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበበ።

“አዴ ድርቤ፣ እዚህ ላይ በቆሎ የሚል የለም። ጠባቂ መቅጠር ግን ይፈቅዳል። ዝሆኖቹን ያውቋቸዋል?”

“ከኔ በላይ ማን ያውቃቸዋል? ጎህ ሲቀድ በወንዙ በኩል ነው የሚመጡት። መሪያቸው ጆሮዋ የተቀደደው ናት።”

ያኔውኑ ተቀጠረች። የወንድ ካፖርትና ፊሽካ ተሰጣት።

አገሯ በገባች ማግስት ዝሆኖቹ መጡ። ድርቤ ፊሽካውን ነፋች። መሪዋ ዞር ብላ አየቻትና መብላቷን ቀጠለች። ድርቤ በንዴት ድንጋይ አነሣች። በዚህ መሀል ከመሪዋ ሆድ ሥር ገና መቆም ያልለመደ ግልገል አየች። ድንጋዩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል ለኩማ የመጀመሪያውን ሪፖርት ጻፈች፦

“እንኳን ደስ አለን፤ አንድ ተወልዶልናል። በቆሎው አልቋል።”